የስድሳዎቹን የሮክ ጊታር ድምፅ በዛሬ ሞዴሊንግ አምፕ ማውጣት

አንድ ወዳጄ ከውጭ ሲመለስ አዲስ ሞዴሊንግ አምፕ፣ የድሮ አምፖችን ድምፅ የሚያስመስል የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ይዞ መጣና ቤቱ ጠራኝ። ሰካነው። ጊታሩን አንገቱ ላይ አጠለቀ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የስድሳዎቹ ሮክ የሚል ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ) መረጠ፣ የመጀመሪያውን ኮርድ መታ። ክፍሉ በጩኸት ሞላ። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ጣዕም ግን የለውም። ኮርዱ ውስጥ ያሉት ኖታዎች ተጨፍልቀው አንድ ሆነዋል። ከኋላ ሪቨርቡ እንደ ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል። ሁለት ሦስት ፕሪሴት ቀያየረ፣ ያው ነው። «ዕቃው ችግር ይኖርበት ይሆን?» አለኝ።

ዕቃው ምንም አልሆነም። ሁሉንም አንድ በአንድ አጠፋን። ጌይኑን፣ የመሻከሩን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ፣ ከ8 ወደ 3 አወረድነው፣ ማስተሩን ከፍ አደረግነው። ያንኑ ኮርድ ደገመው። ስድስቱም ክሮች ለየብቻ ተሰሙ። ቀስ አድርጎ ሲመታ ጥርት ይላል፣ ጠንከር ሲያደርግ ይሻክራል። ቀና ብሎ አየኝና «ይኼማ ሪከርዱ ላይ ያለው ነው» አለ።

የስድሳዎቹ ድምፅ አብዛኛው ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ጌይን ነው ያለው። ሻካራነቱ የሚመጣው ከተከፈተ አምፕና ከእጃችሁ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

አንድ ማስታወሻ። ስድሳዎቹ ስል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከ1952 እስከ 1962 ገደማ መሆኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያኑ ናቸው። የማዞሪያ ቁጥሮች ደግሞ ሁሉም ከ10 ናቸው፤ 5 ማለት መሃል ነው።

ያኔ አምፕ እንዴት ነበር

በዚያ ዘመን የሮክ አምፖች ላይ የዛሬው ዓይነት ጌይንና ማስተር አልነበረም። የነበረው ቮልዩም ነው፤ ከእሱ ጋር ትሬብልና ቤዝ፣ አንዳንዱ ላይ ሚድልና ፕሬዘንስ (የላይኛውን ጥርት ያለ ድምፅ የሚያጎላው)። ድምፁ እንዲሻክር የፈለገ ጊታሪስት ቮልዩሙን መክፈት ነበረበት። አምፕ ውስጥ ያሉት ቲዩቦች፣ እነዚያ እንደ አምፖል የሚግሉት የመስታወት ዕቃዎች፣ ከአቅማቸው በላይ ሲጠየቁ ድምፁን መጭመቅና ማሻከር ይጀምራሉ። ልብ በሉ፤ የፊተኛው ቲዩብ ብቻ አይደለም። መጨረሻ ላይ ኃይል የሚሰጡት ትልልቆቹ ቲዩቦች፣ ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ ጭምር ይሻክራሉ። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዋጣል።

የዛሬው ከባድ የሮክ ድምፅ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ከፊት፣ በጌይን ነው። ጥቅጥቅ ያለና እኩል የተደለደለ ይሆናል። ቀስ ብላችሁ ብትመቱም በኃይል ብትመቱም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለሜታል ይኼ ተፈላጊ ነው። ለስድሳዎቹ ግን ነፍሱን ያወጣዋል።

ሌላም ነገር አለ። እንደ ቮክስ ኤሲ30 እና ማርሻል ጄቲኤም45 ያሉት አምፖች ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክሉት በቲዩብ ነበር። ክሩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ቮልቴጁ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ኖታው ሲጀምር ትንሽ እጥፍ ይልና ከዚያ ይከፈታል። አምፓችሁ ሳግ የሚል ማስተካከያ ካለው ይህን የሚያስመስለው እሱ ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ 6 አድርጉት። ለፌንደር ትዊን ሪቨርብ ግን 2 ይበቃል። ትዊኑ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ዳዮድ ስለሆነ ድምፁ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው።

1. ሁሉንም አጥፉ

ፋብሪካ የጫናቸውን ፕሪሴቶች ተዉአቸው። ሱቅ ውስጥ ለአሥር ሰከንድ የሚሞክር ሰው እንዲደነቅባቸው የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ባዶ ፕሪሴት ክፈቱና ዲሌይ፣ ኮረስ፣ ሪቨርብ፣ ኮምፕረሰር፣ ቡስት፣ ሁሉም ይጥፋ።

ኖይዝ ጌቱን በተለይ እንዳትረሱት። እሱ የኖታውን ጭራ ይቆርጣል። የስድሳዎቹ ድምፅ ውበት ግማሹ ደግሞ ጭራው ላይ ነው፤ ኖታው እየደከመ ሲሄድ ከሻካራ ወደ ጥርት ያለ ይቀየራል። ጊታራችሁ ትንሽ እዝዝ ቢል ይበል። ሪከርዶቹ ላይም አለ።

ቤዝ፣ ሚድልና ትሬብል 5 ላይ፣ ፕሬዘንስ 4 ላይ ይሁኑ። መነሻችን ይህ ነው።

2. ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም 7 አድርጉት

ብዙዎቻችን የጊታሩን ቮልዩም 10 ላይ ከፍተን እንረሳዋለን። ያኔ ፔዳል ጥቂት ነው፣ በእግር የሚቀየር ቻነል ያለውም አምፕ ብዙ አይገኝም ነበር። ጊታሪስቱ ለሪትም ዝቅ፣ ለሶሎ ከፍ የሚያደርገው በትንሿ ጣቱ ነው። እናንተም 7 ላይ ሆናችሁ ድምፁን ካስተካከላችሁ ወደ ላይ ሦስት ቁጥር ይተርፋችኋል። ለሶሎ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ወደ ፒካፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደሚይዘው ዕቃ፣ ስንመጣ ስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ካላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ያኔ የፒካፕ መምረጫው ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ፌንደር አምስት ቦታ ያለውን ማምጣት የጀመረው በ1977 ነው። መሃል ለመሃል ያሉት ሁለቱ ቦታዎች ደስ ይላሉ፣ ግን ወደ ሌላ ዘመን ይወስዷችኋል። በሦስቱ ሥሩ።

ክርም ለውጥ ያመጣል። ቀጭን የሮክ ክር በስብስብ መሸጥ የጀመረው በ1962 አካባቢ ኤርኒ ቦል ስሊንኪን ሲያወጣ ነው። ከዚያ በፊት የተለመደው ወፍራም ክር ነበር፤ ሦስተኛው ክር ሳይቀር የተጠቀለለ። 9 ቁጥር የምትጠቀሙ ከሆነ ወደ 10 ወይም 11 ብትወጡ ድምፁ ሥጋ ይለብሳል። ለዚህ ብላችሁ ግን አትቸገሩ። ያላችሁን ተጠቀሙ።

3. ትክክለኛውን ሞዴል ፈልጉ

ሞዴሊንግ አምፕ ማለት የሌላ አምፕ ጠባይ በኮምፒውተር ቀመር ተቀምሮ የተቀመጠበት ዕቃ ነው። መንገዱን የከፈተው ላይን 6 የሚባለው ኩባንያ ነው፤ በ1996 አክሲስ 212 የሚባለውን አምፕ፣ በ1998 ደግሞ ፖድ የምትባለውን ቀይ ዕቃ አወጣ። ችግሩ ስሞቹ ናቸው። የንግድ ምልክቱ የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ትክክለኛውን ስም አይጽፉም። ፍንጭ ብቻ ነው የሚሰጡት።

ክላስ ኤ፣ ቶፕ ቡስት ወይም ከእንግሊዝ ጋር 30 የሚል ቁጥር ካያችሁ ቮክስ ኤሲ30 ነው። ብላክፌስ፣ ትዊን ወይም 65 የሚል ካያችሁ የፌንደር ነው። ትዊድ ወይም ቤዝማን የሚለው የሃምሳዎቹ ፌንደር ነው። ፕሌክሲ የሚለው ማርሻል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1959 የሚል የማርሻል ሞዴል ካያችሁ ዓመተ ምሕረት አይደለም። የባለ 100 ዋቱ የሱፐር ሊድ የሞዴል ቁጥር ነው፤ አምፑ የወጣው በ1965 ነው። 1962 የሚለውም እንደዚሁ የሞዴል ቁጥር ነው። ብሉዝብሬከር ተብሎ የሚታወቀው፣ ሁለት ስፒከር ያለው ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን ያሉበት) ማለት ነው።

አምፓችሁ ውስጥ ጄቲኤም45 ከሌለ አትጨነቁ። ጂም ማርሻልና ሠራተኞቹ በ1962 ለንደን ሃንዌል በሚገኘው ሱቃቸው የመጀመሪያውን አምፕ ሲሠሩ የገለበጡት የፌንደር ቤዝማንን ሰርኪት ነው። ስለዚህ የቤዝማን ሞዴል ወስዳችሁ የማርሻል ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ብታደርጉለት በጣም ትጠጋላችሁ። ክሊን፣ ክራንች፣ ሊድ የሚል ምርጫ ብቻ ያለው ቀለል ያለ አምፕ ከሆነ ደግሞ ክራንችን ያዙ። ሊድን እርሱት።

4. ጌይንና ማስተር

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ጌይኑን 0፣ ማስተሩን 8 አድርጉ። እዚህ ላይ ማስተር የምለው ሞዴሉ ውስጥ ያለውን ነው። ብዙ አምፖች ላይ የኃይል ቲዩቦቹን የሚያስመስለው እሱ ነው። የክፍሉን ጩኸት የምትቆጣጠሩት በሌላው፣ በመውጫው ቮልዩም ነው። የዋት መቀነሻ ያለው ከሆነ እሱንም ዝቅ አድርጉት።

አሁን ኢ ሜጀር ኮርድ ያዙ። ሦስት ጊዜ ምቱ፦ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በመካከለኛ፣ አንዴ በሙሉ ክንድ። ጌይኑን በግማሽ በግማሽ ቁጥር እየጨመራችሁ ሦስቱን ምት ድገሙ። የምትፈልጉት ቦታ ይኼ ነው፦ የመጀመሪያው ምት ጥርት ያለ፣ ሁለተኛው ጫፉ ላይ ሻከር ያለ፣ ሦስተኛው የሚያጉረመርም። ሦስቱም ሻካራ ከሆኑ አልፋችሁታል፣ ተመለሱ። ሦስቱም ጥርት ካሉ ገና ናችሁ። በብዙ አምፖች ላይ ይህ ቦታ ከ2.5 እስከ 4 መካከል ይገኛል።

መጀመሪያ ላይ «ይኼ ትንሽ ነው» ያሰኛችኋል። ጣት እዚያ ጋ ነው ወደ ጌይን የሚሮጠው። እባካችሁ አትንኩት። አሥር ደቂቃ ተጫወቱበት። እጃችሁ ራሱ መሥራት ይጀምራል፤ የት ጠንከር የት ቀለል እንደሚል ይማራል።

5. ካቢኔትና ማይክ

ለኤሲ30 ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ለብሉዝብሬከርም እንዲሁ ሁለት ባለ 12፣ ለሱፐር ሊድ አራት ባለ 12። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያወጣም። ስለዚህ በሄድፎን ስትሰሙ ጆሮ የሚወጋ ነገር ካለ ትሬብሉን ከመነካካት በፊት ሃይ ከት (ከላይ ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን) ፈልጉና 6 ኪሎኸርዝ አካባቢ አድርጉት። ከታች ያለውን የሚቆርጠው ሎ ከት ደግሞ 80 ኸርዝ። የማይክ ቦታ ማስቀየር ከቻላችሁ ከስፒከሩ እምብርት ወደ ጠርዝ ትንሽ ዞር አድርጉት። የሚያንቧርቀው ነገር ይለዝባል።

አሁን ወደ ድምፆቹ።

የኤሲ30 ጥርት ያለ ድምፅ

ኤሲ30ን የነደፈው ዲክ ዴኒ ነው፤ የተሠራውም ኬንት ውስጥ ዳርትፎርድ ነው። ቢትልሶች ከ1962 ጀምሮ ይዘውት የዞሩት የቮክስ አምፕ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ እንደ ትንሽ ደወል የሚል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ጫፉ የሚሰነጠቅ ነው።

ጌይን 4፣ ማስተር 7፣ ቤዝ 4፣ ትሬብል 6። የቶፕ ቡስቱ አምፕ ላይ ሚድል የሚባል ማዞሪያ አልነበረም፤ ሞዴላችሁ ላይ ካለ 5 ላይ ተዉት። ከት የሚል ካያችሁ ተጠንቀቁ፣ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ስትጨምሩት ትሬብል ይቀንሳል። 4 ይበቃዋል። ብሪጁ፣ ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ቦታ፣ ጋ ያለውን ፒካፕ ምረጡ። ኮርድ ስትመቱ ቀጫጭኖቹን አራት ክሮች ብቻ ሞክሩ። ቤዝ ጊታሩ የሚሠራውን እናንተ መድገም የለባችሁም።

ከዚሁ ሳንወጣ፣ በ1965 በርድስ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ሮጀር መጊን በባለ 12 ክር ሪከንባከር ያመጣውን ድምፅ ከፈለጋችሁ ኮምፕረሰር ክፈቱና በደንብ ጭመቁት። ጊታሩ የሚያበራው ከዚያ መጭመቅ የተነሳ ነው። አምፑ ምንም መሻከር የለበትም።

ኪንክስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ የ1964 ድምፅ የተለየ ታሪክ አለው። የባንዱ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የትንሿን ኤልፒኮ አምፑን ስፒከር በምላጭ ቀደደው። ከዚያ እሷን ወደ ኤሲ30 አስገባት። ይህን ለማግኘት ከዝርዝሩ ትንሿን አምፕ ምረጡ፣ አንድ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች ስፒከር ስጧት፣ ጌይኑን 7 አድርሱት። ጌይን አብዙ የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

የ1966ቱ የክላፕተን ድምፅ

እኔን ጊታር ያስያዘኝ ይኼ ድምፅ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜይል ብሉዝብሬከርስ ጋር ዌስት ሃምፕስቴድ በሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ገባ። ፕሮዲውሰሩ ማይክ ቨርነን ነበር። ክላፕተን የያዘው ጊብሰን ሌስ ፖል እና ባለ ሁለት ስፒከር የማርሻል ኮምቦ ነው። በዚያ ዘመን ስቱዲዮ ውስጥ ጊታሪስት አምፑን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቀዳው። ክላፕተን መድረክ ላይ እንደሚጫወትበት ካልከፈትኩ አልጫወትም አለ። እዚያ ሪከርድ ላይ የምትሰሙት ውፍረት፣ እንደ ቫዮሊን የሚረዝመው ኖታ፣ ከዚያ እምቢታ የመጣ ነው።

ጄቲኤም45ን ወይም ቤዝማንን ምረጡ። ጌይን 5፣ ማስተር 9። ቤዙን 3 ላይ አውርዱት። ይህ አምፕ ሲከፈት ቤዙ ይለሰልስና እንደ ጭቃ ይሆናል፤ ቀድማችሁ ካልቀነሳችሁት ሶሎው ይሰምጣል። ሚድል 7፣ ትሬብል 6፣ ፕሬዘንስ 4። ሳግ 6። ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ካላችሁ ብሪጁ ጋ ያለውን ተጠቀሙ። ያላችሁ ባለ አንድ ጥቅሉ ሲንግል ኮይል ከሆነ ሚድሉን 8 አድርሱ፣ ትሬብሉን ወደ 4 አውርዱ፣ ከፊት ንጹሕ ቡስት ጨምሩ።

ክላፕተን ትሬብል ቡስተር (ከአምፑ በፊት ትሬብሉን የሚያጎላ ዕቃ) ተጠቅሟል አልተጠቀመም የሚለው ላይ ጊታሪስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ሞዴሊንግ አምፕ ላይ ሬንጅማስተር የሚመስል ትሬብል ቡስተር 3 ላይ ማድረግ ይረዳል፤ ቤዙን ከመግቢያው ላይ ስለሚያጠራው ወፍራሞቹ ክሮች ይነቃሉ። ቡስተሩን ከከፈታችሁ ጌይኑን ወደ 4 መልሱት።

ከዚያ ሩም የሚል ሪቨርብ 2 ላይ ጨምሩ። ሆል አይደለም፣ ፕሌት አይደለም። አምፑ የጮኸበት ክፍል ነው የምንፈልገው።

አሁን አንድ ኖታ ያዙ። ሁለተኛው ክር፣ አሥረኛው ፍሬት። ምቱትና ያዙት፣ ጣታችሁን ሳትቸኩሉ አወዛውዙት። ድምፁ ሳይሞት ሦስት አራት ሰከንድ ከቆየ ደርሳችኋል። ቶሎ ከሞተ ጌይን አትጨምሩ፤ ማስተሩን ጨምሩ፣ አምፑ አጠገብም ቁሙ። ስፒከሩ ራሱ ክሩን ያንቀጠቅጠዋል። በሄድፎን ይኼ አይገኝም።

ክላፕተን ክሪም ወደሚባለው ባንድ ከሄደ በኋላ ዉማን ቶን ያለው ድምፅ ደግሞ ቀላል ነው። የጊታሩን ቶን ማዞሪያ 0 አድርሱት፣ ቮልዩሙን 10፣ ሞዴሉን ወደ ፕሌክሲ ቀይሩት። አፉን በእጁ እንደሸፈነ ዘፋኝ ይሆናል።

ፈዝ

በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ናሽቪል ውስጥ ሲቀዳ የድምፅ ማቀላቀያው አንድ መስመር ተበላሸና ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው የቤዝ ሶሎ እየነዘረ ወጣ። ተዉት፣ እንዳለ ይውጣ ተባለ። መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት በፔዳል ለመሥራት ሞከረ፤ በ1962 ማስትሮ ፈዝቶን ሆኖ ገበያ ወጣ። ብዙም የፈለገው አልነበረም። በ1965 የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ እስኪጫወትበት ድረስ ማለት ነው። ሪቻርድስ ያንን ሪፍ የቀዳው ለጥሩምባ ቦታ መያዣ ብሎ ነው። ጥሩምባው በኋላ ይተካዋል ብሎ አስቦ ነበር። ሳይተካ ቀረ።

ይህን ማወቅ ለአጨዋወቱ ይጠቅማል። ጥሩምባ እንደሚነፋ ሰው አጫጭር፣ ለየብቻቸው የቆሙ ኖታዎች ምቱ። ኮርድ አይደለም። ንጹሕ አምፕ፣ ጌይን 2። ከፊቱ ፈዝ 8፣ ቶኑ ከፍ ያለ። የማስትሮው ድምፅ ቀጭን ነው፣ ቶሎም ይቆረጣል። የዛሬ ወፍራም ፈዝ ከሆነ የመረጣችሁት ቤዙን አጥፉለት።

ይኼ የመንዘር ነገር ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። በገናን አስቡ። ክሩ ብሪጁ ላይ እንዲሁ አያርፍም፤ በመሃል እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያ ጥልቅ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። በገና ደርዳሪው እንዝራዋን ወዲህ ወዲያ እያለ ነዘሩ ልክ የሚሆንበትን ቦታ ሲፈልግ ያየ ሰው የፈዝ ማዞሪያ ለምን በግማሽ ቁጥር እንደሚነካካ ወዲያው ይገባዋል። ዋዋውም፣ ሲረገጥ ድምፁን ዋ ዋ የሚያሰኘው ፔዳል፣ ቢሆን ሩቅ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዱትን ሙዚቃዎች ብታዳምጡ ታገኙታላችሁ።

ሄንድሪክስ

የጂሚ ሄንድሪክስ ሰንሰለት እንዲህ ነው፦ ጊታር፣ ዋዋ፣ ፈዝ ፌስ የሚባለው ፈዝ፣ ዩኒቫይብ (ድምፁን የሚያወዛውዝ ፔዳል)፣ ከዚያ ማርሻል። ዩኒቫይቡ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ በነሐሴ 1969 ዉድስቶክ ላይ ይሰማል። ለ1967ቱ ድምፅ አውጡት። በአምፓችሁ አፕሊኬሽን ላይ ፔዳሎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ጎትታችሁ አስቀምጡ። ዋዋው ከፈዙ በኋላ ከሆነ ሌላ ነገር ይሆናል።

ፈዝ ፌስን በ1966 ለንደን ውስጥ ያወጣው አርቢተር ነው። ክብ ብረት፣ ሁለት ጀርማኒየም ትራንዚስተር፣ ሌላ ብዙም ነገር የለውም። ዝርዝሩ ላይ ጀርማኒየም እና ሲሊከን የሚል ምርጫ ካለ ጀርማኒየሙን ያዙ። ፈዝ 7፣ ቮልዩሙ 7። ፈዙ የግድ ከአምፑ በፊት፣ ከዋዋው ሌላ ምንም ሳይቀድመው ይሁን።

አምፑ ፕሌክሲ። ጌይን 4፣ ማስተር 8፣ ቤዝ 4፣ ሚድል 6፣ ትሬብል 5፣ ፕሬዘንስ 4። አምፑ ብቻውን ትንሽ መሻከር አለበት። ፈዝ በንጹሕ አምፕ ላይ ንብ የገባበት ጣሳ ነው የሚመስለው፤ በተከፈተ ማርሻል ላይ ግን ይዋሃዳል።

አሁን የጊታሩን ቮልዩም 10 አድርጉና አንድ ኮርድ ምቱ። ግድግዳ ነው። ኮርዱን ሳትለቁ በትንሿ ጣታችሁ ቮልዩሙን ቀስ ብላችሁ ወደ 6 አውርዱ። መጀመሪያ ነዘሩ ይረግፋል። ቀጥሎ ውፍረቱ ይሄዳል። 6 አካባቢ ስትደርሱ ጥርት ያለ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ድምፅ ይቀራል፤ አምፑ ብቻውን ከሚሰጠው ንጹሕ ድምፅ እንኳ ይበልጣል። ፈዙ አልጠፋም፤ እዚያው አለ። የሄንድሪክስ ለስላሳ ኮርዶች ብዙዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ቮልዩም ስትቀንሱ ድምፁ ጥርት ሳይል ዝም ብሎ የሚያንስ ከሆነ የፈዙ ሞዴል ጥሩ አይደለም፤ ሌላ ሞክሩ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ሄንድሪክስ ግራኝ ስለነበር የቀኝ እጅ ስትራቶካስተር ገልብጦ ነበር የሚይዘው። ብሪጁ ጋ ያለው ፒካፕ ሰያፍ ስለሆነ ሲገለበጥ ወፍራሞቹ ክሮች ጥርት ይላሉ፣ ቀጫጭኖቹ ይለዝባሉ። እኛ ጋ ተቃራኒው ስለሆነ ብሪጁ ላይ ስትጫወቱ፣ ለእሱ የሚሠራ የቶን ማዞሪያ ካለ፣ ወደ 7 አውርዱት። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቃና ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቃኘው። እናንተም ዝቅ ብታደርጉ ክሩ ይላላል፣ ሲጎተትም አያስቸግርም።

ሰርፍ

ይኼ አጭር ነው። የባሕር ዳርቻ የጊታር ሙዚቃ ነው፦ ካሊፎርኒያ፣ የፌንደር ጊታር፣ የፌንደር አምፕ፣ የስፕሪንግ (በሞላ የሚሠራ) ሪቨርብ። ጌይን 3፣ ትሬብል 6፣ ምንም መሻከር የለም። ምስጢሩ አንድ ነው። ፌንደር በ1961 ያወጣው የሪቨርብ ሳጥን በጊታሩና በአምፑ መሃል ነበር የሚገባው። ስለዚህ ስፕሪንግ ሪቨርቡን ጎትታችሁ ከአምፑ ፊት አድርጉት። ክሩን በመዳፋችሁ ጠርዝ አፍናችሁ ስትመቱ እንደሚንጠባጠብ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከአምፑ በኋላ ከሆነ ይህን አታገኙትም።

ቤት ውስጥ፣ በዝቅተኛ ድምፅ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌሊት የምንጫወት ሰዎች አንድ ችግር አለብን። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝንና ትሬብልን አጥርቶ አይሰማም። ስለዚህ ሳናውቀው ሁለቱንም እንጨምራለን፣ ሚድሉን እንቀንሳለን። እኔ አንድ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት በሄድፎን ያዘጋጀሁትን ድምፅ ይዤ ልምምድ ሄድኩ። ድራሙና ቤዙ ሲጀምሩ ጊታሬ ጠፋ። ቮልዩም ስጨምር ጆሮ ይወጋል፣ ስቀንስ አይሰማም። እዚያው ቆሜ ቤዙን ሁለት ቁጥር አወረድኩ፣ ሚድሉን ከ3 ወደ 7 ከፍ አደረግኩ። ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሚድሉ የበዛ ቢመስለኝም እተወዋለሁ።

ከሪከርዱ ጋር ማስተያየት

በመጨረሻ ሪከርዱን ራሱን በአምፑ ብሉቱዝ ወይም ኦክስ ክፈቱና አብራችሁ ተጫወቱ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ስቴሪዮ ቅጂዎች ጊታሩን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ሄድፎን አድርጉና አንዱን ጆሮ አውልቁ። ከዚያ ሌላውን። በአንደኛው ጊታሩ ከሞላ ጎደል ብቻውን ይቀራል። ያኔ ነው ምን ያህል ትንሽ ጌይን እንዳለው የምታምኑት።

መቃኛ ማሽናችሁ ልክ ነው እያለም ከሪከርዱ ጋር ካልገጠመ ቴፑ በፍጥነት ወይም በዝግታ ተጫውቶ ሊሆን ይችላል። ጊታሩን ከሪከርዱ ጋር ቃኙት፣ ማሽኑን ተዉት።

ድምፁ ሲመጣላችሁ ወዲያው ሴቭ አድርጉ። ብዙዎቹ አምፖች ላይ መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠው አብሮ ይሄዳል። ስም ስትሰጡትም የጊታሩን ነገር ጨምሩበት። እኔ ጋ ያሉት «45 ብሪጅ 7»፣ «ፈዝ ኔክ 6» የሚሉ ናቸው። ፕሪሴቱ አምፑን እንጂ ጣቴ ጊታሩ ላይ የት እንደነበረ አያስታውስም።